ጆሮ በድንገት መስማት ሲያቆም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከአንገት በላይ ሐኪም ነኝ። የጠየቃችሁኝን አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ትናንት ጠዋት ስነሳ ቀኝ ጆሮዬ ድፍን ብሏል፤ ይጮህብኛልም። ኩክ መስሎኝ ዝም አልኩ። ስንት ቀን ልጠብቅ?

መልስ፦ አንድም ቀን አይጠብቁ! አሁን አፍዎን ገጥመው «እምም» ይበሉ። ድምፁ በደፈነው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማ ኩክ ወይም ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። በደህናው በኩል ከጎላ ግን ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ሳይጎዳ አልቀረም። ይህ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ዛሬውኑ ታይተው የመስማት ልኬት ይሠራልዎ። ፊት ከተጣመመ ወይም እጅና እግር ከሰነፈ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የጆሮ ጠብታ ታዞልኝ 10 ቀን ተጠቀምኩ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ታምቡሩ ደህና ከሆነ ጠብታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ አይዘልቅም። ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ሲጎዳ ዋናው መድኃኒት ስቴሮይድ (ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት) ነው፤ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን በቀን እስከ 60 ሚሊግራም ለ7–14 ቀን ተሰጥቶ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሲጀመር ይሻላል፤ ስለዚህ አሁንም ጊዜ አለዎት። ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው ግን አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፤ ስቴሮይድ ያሰጋኛል።

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ክኒኑ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ለእርስዎ መርፌው ሊመረጥ ይችላል። ታምቡሩ ከደነዘዘ በኋላ በቀጭን መርፌ ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ወደ መሐለኛው ጆሮ ይገባል። ከዚያ የታመመውን ጆሮ ወደ ላይ አድርገው፣ ምራቅ ሳይውጡ፣ ሳያወሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተኛሉ። ሲውጡ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳልና። ክኒን ያልረዳቸውም ሰዎች ሕመሙ ከጀመረ በ2 እና በ6 ሳምንት መካከል ይህ ይሞከርላቸዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጤና አዳም ጨምቄ ላድርግልህ ትላለች።

መልስ፦ እማማን አመስግናቸው፤ ጆሮህ ውስጥ ግን ምንም አይግባ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ለምን ታዘዘልኝ?

መልስ፦ በጥቂት ሰዎች ላይ ምክንያቱ በመስማት ነርቭ ላይ የበቀለ እጢ ስለሚሆን ነው። ካንሰር ያልሆነና ብዙውን ጊዜ በዝግታ የሚያድግ ነው፤ መስማትዎ ቢመለስም ኤምአርአዩን ይነሡ።

ጥያቄ፦ 8 ወር አለፈኝ።

መልስ፦ እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ አሁን ስቴሮይድ አይጠቅምሽም። ልኬትሽን አድሺና የመስሚያ መሣሪያ ሞክሪ፤ ብዙ ጊዜ ጩኸቱንም ያለዝበዋል። ማዕድ ስትቀርቢ ሰው ሁሉ በደህናው ጆሮሽ በኩል እንዲሆን ጥግ ያዢ።