«ዓይኔ ውስጥ ያለው የደም ሥር ተዘግቷል ተባልኩ፤ አይከፈትም ወይ?»

የዓይን ሐኪም መልስ ለአንባቢያን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ 63 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቢቸና ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ዳዊት ስደግም የምድጃው ጭስ ቀኝ ዓይኔን ስላቃጠለኝ ጨፈንኩት። በግራው ብቻ ሳነብ ከገጹ ላይኛው ግማሽ ይታየኛል፣ ታችኛው የለም። ቀና ብዬ ባለቤቴን ሳያት ሻሿና ግንባሯ ይታያል፣ ከአፍንጫዋ በታች ጭጋግ ነው። አላመመኝም፣ አልቀላም፣ አላስለቀሰኝም። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሸተተኝ። ሌላው «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» አለኝ። ወር ያህል ከቆየሁ በኋላ ልጆቼ ባሕር ዳር ወሰዱኝ። የደም ግፊቴ 180 በ105 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ «ዓይንዎ ውስጥ ደም መልስ ተዘግቷል» ብላ እዚያው ዓይኔ ላይ መርፌ ወጋችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሁለት ሳምንት የሰው ፊት መለየት ጀመርኩ። ስለተሻለኝ፣ መንገዱም ስላልተመቸ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ዘለልኩት። አሁን ጭጋጉ ተመልሷል። አማቼ «የተዘጋውን የሚከፍት መድኃኒት እያለ ዓይንዎን ለምን ያስወጋሉ? አዲስ አበባ ይሂዱ፤ እስከዚያ አስፒሪን ይዋጡ» ይለኛል። መርፌው የካንሰር መድኃኒት ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ይህ ነገር አይከፈትም? ቀኝ ዓይኔስ ይተርፍልኝ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። አይከፈትም። አዲስ አበባ ቢሄዱም፣ መሬት ሸጠው ባንኮክ ቢሄዱም ያው ነው። የተዘጋውን የሬቲና ደም መልስ መልሶ የሚከፍት፣ በሥራ ላይ የዋለ ሕክምና የለም። የረጋውን ደም ማሟሟትም፣ በቀዶ ጥገና ሥሩን ከተጫነው ነገር ማላቀቅም ተሞክሯል፤ ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ መደበኛ ሕክምና ሳይሆን ቀረ። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። «የሚከፍትልኝ ሐኪም» ፍለጋ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ወራት ያለፉባቸውን ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለማይ ነው። እርስዎ ገንዘብዎንና ጉልበትዎን የሚያውሉበት ሌላ ቦታ አለ፤ ወደዚያው ልምጣ።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገርዎ። ሬቲና በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተዘረጋው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ አካል ነው። በላዩ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በሚተላለፉበት ቦታ ሁለቱ በአንድ ሽፋን ተጠቅልለው ያልፋሉ። የደም ግፊት ዓመታት ሲቆይ ደም ቅዳው ይደነድንና ጎረቤቱን ለስላሳ ደም መልስ ይጫነዋል። በዚያ ጠባብ ቦታ ደሙ ይዘገያል፣ ከዚያም ይረጋል። መውጫው የተደፈነ የመስኖ ቦይ ውኃውን ማሳው ላይ እንደሚያስተኛው ሁሉ፣ ወደኋላ የቀረው ደምና ፈሳሽ ሬቲናው ላይ ይተኛል። የምናነብበትና የሰው ፊት የምንለይበት መካከለኛው ቦታ፣ ማኩላ የምንለው፣ ሲያብጥ ነው እንግዲህ ጭጋጉ የሚመጣው። በእርስዎ ላይ የተዘጋው የላይኛው ቅርንጫፍ ይመስለኛል። ምስል ሬቲና ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ የላይኛው ሲታመም የሚጠፋው ታችኛው ዕይታ ነው። ፋይልዎን ሳላይ የባለቤትዎ ሻሽ ይህን ያህል ነግሮኛል። የቅርንጫፍ መዘጋት ከዋናው ደም መልስ መዘጋት በብዙ እጥፍ የበዛ ነው፤ በጥቅሉም ቀለል ይላል።

ሞራ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ነው የሚጋርደው፤ አንድ ጠዋት ግማሽ ፊት አያጠፋም። ምቹንም ለጎረቤትዎ ይመልሱላቸው። ዳማከሴውን ማሽተትዎ ክፋት የለውም፤ ጭማቂው ዓይንዎ ውስጥ ቢገባ ግን ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

አሁን ወደ መርፌው። ደም ያጠረው ሬቲና አንድ ዓይነት ኬሚካል ያመነጫል፤ ይህ ኬሚካል የደም ሥሮቹን ያንጠባጥባቸዋል፣ እብጠቱን ያባብሳል፣ አንዳንዴም የማይፈለጉ አዳዲስ ደም ሥሮች ያበቅላል። መርፌው የሚያስረው ይህን ኬሚካል ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሶ ከዓይን ሲወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ወር ገደማ ሲሆነው፣ ኬሚካሉ እንደገና ይመረታል፣ እብጠቱም ይመለሳል። የተመለሰብዎ ጭጋግ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም፣ ሐኪሟም አልተሳሳተችም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ እንወጋለን። ከዚያ በየቀጠሮው እብጠቱን እያየን እናራርቀዋለን። ዓመት ያለፈው ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት አይደለም፤ በጥቂት መርፌ የሚገላገልም አለ። አስቀድሞ «በሦስት መርፌ ይድናሉ» ብሎ የሚምል ሰው ካገኙ አይመኑት።

«የካንሰር መድኃኒት» የተባለው ቤቫሲዙማብ ነው፤ ሰው በንግድ ስሙ አቫስቲን ይለዋል። እውነት ነው፣ መጀመሪያ የተፈቀደው ለትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004። ለካንሰር ታማሚ በደም ሥር የሚሰጠው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ነው፤ ለዓይንዎ የሚሰጠው 1.25 ሚሊግራም፣ ከአንድ ጠብታ የማይበልጥ ፈሳሽ። ለዓይን ብለው የተሠሩት ራኒቢዙማብና አፍሊበርሰፕት አሉ፤ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዋናው ደም መልስ ወይም ግማሹ የተዘጋባቸውን 362 ሰዎች በሁለት ቡድን ከፍሎ ለስድስት ወር በየወሩ ቤቫሲዙማብ ወይም አፍሊበርሰፕት ወጋ። ዕይታ በሚለካበት የፊደል ሠሌዳ ላይ የርካሹ መድኃኒት ውጤት ከውዱ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ «የድሃ መድኃኒት ሰጡኝ» ብለው አይዘኑ። እኔ የምጨነቀው በስሙ አይደለም፣ በአያያዙ ነው። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከመደብር ገዝተው በኪስዎ ይዘው ቀኑን በአውቶቡስ የሚጓዙበት ዕቃ አይደለም። ግዙ ከተባላችሁ በበረዶ ሳጥን ይምጣ፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከሚወጉበት ተቋም አይውጣ።

መርፌውን ስለቀመሱት ሕመሙን ለእርስዎ አልነግርም። ለሌላው አንባቢ ግን፦ ማደንዘዣ ይጨመራል፣ ዓይኑ በአዮዲን ይታጠባል፣ የዓይን ቆቡ በትንሽ መያዣ ይከፈታል። ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ 4 ሚሊሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነጩ ላይ ይወጋል፤ ሰከንዶች ነው። በማግስቱ ነጩ ላይ ደም የመሰለ ቅላት ቢያዩ አይደንግጡ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠፋል። በቀጣዮቹ ቀናት ግን ሕመሙ እየጨመረ፣ ዕይታው እየቀነሰ ከሄደ ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ለነገ አይባልም፣ የዚያኑ ዕለት ይመለሱ። ጠበል ለሚጠመቅ ሰው ጠበሉን ተው አልልም፤ ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀን ግን ውኃው፣ ጠበልም ይሁን የቧንቧ፣ ዓይንዎ ውስጥ እንዳይገባ።

ስለዚህ መምህር፣ አሁን ወደ ሐኪሟ ይመለሱ። ሲመለሱ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይጨመርልዎታል፤ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋዎታል፣ ጽሑፍ ይደበዝዝብዎታል፣ ስለዚህ ሰው ይዘው ይሂዱ። የሬቲና ስካን፣ ኦሲቲ የሚሉት፣ መርፌ የለውም፤ አገጭ አሳርፎ አንድ ነጥብ ማየት ነው፣ የማኩላው ውፍረት በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺህኛ) ተለክቶ ይወጣል። ወረቀቱን ያስቀምጡት። ሌላ ቦታ ቢታከሙ ከወሬዎ ይልቅ እሱ ይጠቅማል። ሬቲናው ምን ያህል ደም እንዳጣ ማወቅ ካስፈለገ በክንድ ደም ሥር ቢጫ ቀለም ተወግቶ ፎቶ ይነሳል፤ ለአንድ ቀን ሽንትዎ ብርቱካን መልክ ይይዛል፣ እንዳይደነግጡ። ማሽኑ በየሆስፒታሉ የለም፣ ሬቲና ላይ የሠለጠነ ሐኪምም በአገራችን ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ካልተሳካ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፣ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ አለ። የመክፈቻ መድኃኒት ፍለጋ ግን አይሂዱ።

ሌዘርም (በጨረር የሚሰጥ ሕክምና) ሊያነሱልዎ ይችላሉ። መርፌው ከመምጣቱ በፊት የቅርንጫፍ መዘጋት ዋናው ሕክምና ሌዘር ነበር። ዛሬ በብዛት የሚያገለግለው አዲስ ደም ሥር ሲበቅል ነው፤ ያ ደም ሥር ፈንድቶ ዓይንን በደም እንዳይሞላው።

አስፒሪኑን በአማች ትእዛዝ አይዋጡት። የተዘጋውን ደም መልስ አይከፍትም። ለልብዎ የሚያስፈልግዎ ከሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዘዝልዎ፤ የታዘዘልዎት ካለም በዓይንዎ ምክንያት አያቋርጡት።

ቀኝ ዓይንዎን ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለታመመው ብቻ ነው። ቀኙም ሊያዝ ይችላል፤ ያው ግፊት ነው በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው። ያው ግፊት ወደ አንጎልና ወደ ልብም ይሄዳል። በዓለም ላይ 28 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ሕመም እንደተያዘ ተገምቷል፤ ከጀርባው በብዛት የሚገኘው የደም ግፊት ነው፣ ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ትምባሆና ግላኮማም (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ይከተላሉ። ስኳርዎንና ቅባትዎን ያስመርምሩ፤ የዓይንዎ ግፊትም ይለካ፣ እሱ ከደም ግፊት ሌላ ነገር ነው። የደም ግፊትዎ ቢያንስ ከ140 በ90 በታች ይውረድ። አሁን ጥርጣሬዬን ልናገር፦ ዳዊት የሚደግም ሰው ጾም አይፈታም፤ በጾም ቀን ጠዋት ክኒኑ ይቀራል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይረሳል። በዓቢይ ጾም ግፊቱ ወጥቶ የሚመጣብኝ ሽማግሌ ብዙ ነው። እንደ አምሎዲፒን ያለውን በቀን አንዴ የሚዋጥ መድኃኒት ማታ ከራት ጋር መዋጥ ይቻላል፤ ሽንት የሚያስወጣው ዓይነት ከሆነ ግን ሌሊቱን ሲመላለሱ ስለሚያድሩ ሐኪምዎ ያስተካክልልዎ። ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ፤ የማውቃቸው ቄሶች ለበሽተኛ ከእኔ ይልቅ ይራራሉ። የሽሮውን ጨው ባለቤትዎ ይቀንሱ፤ አረቄውን እርስዎ። ግፊቱ ሲወርድ «ዳንኩ» ብለው ክኒኑን አይተዉ፤ የወረደው ክኒኑ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ በቡሬ አካባቢ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ያለኝ የፊደል ሠሌዳ፣ ባትሪና የግፊት መለኪያ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ልለየው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያለሽ በቂ ነው። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሳይሆን በካርቶን አስጋርጂና ሌላውን ለኪ፤ ሰው በጣቱ መሃል አጮልቆ ያይብሻል። ከዚያ ካርቶን ላይ በወስፌ ቀዳዳ አብጂና በቀዳዳው አሳይው። በቀዳዳው ከተሻለው ጉዳዩ የመነጽር ሊሆን ይችላል፤ ካልተሻለው ወደ ውስጥ አስቢ። ባትሪውን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በቶሎ አዛውሪ፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ከመጥበብ ይልቅ የሚሰፋ ብሌን ካየሽ የሬቲናው ወይም የነርቩ ጉዳት ከባድ ነው። ቅርንጫፍ ብቻ ሲዘጋ ይህ ምልክት ላይታይ ስለሚችል፣ ስለጠፋ ብቻ አታሰናብቺው። ግፊትና ስኳር ለክተሽ ቁጥሩን ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፊ። «ዓይን ሕመም» ብቻ ተብሎ የሚመጣልኝ ወረቀት ለእኔ ባዶ ወረቀት ነው፤ «ግራ ዓይን፣ ድንገት፣ ያለ ሕመም፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» ብትይልኝ ግማሹን ሠርተሽልኛል።

የሚጣደፉትን ለይ። ዕይታው በደቂቃ ውስጥ ጥቁር ሆኖ የጠፋበት ሰው ደም ቅዳው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ስትሮክ ቁጠሪው፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል። ብልጭታና ዝንብ የመሰለ ነገር አይቶ መጋረጃ የወረደበት ሰው ሬቲናው ተላቆ ሊሆን ይችላል፤ እሱም አይደር። ደም መልስ የተዘጋበት ሰው ቀናት ቢያገኝም ወራት የለውም። በተለይ ዋናው ደም መልስ ተዘግቶ ሬቲናው በጣም ደም ካጣ፣ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ብሌኑ ዙሪያ አዲስ ደም ሥር በቅሎ የዓይን ግፊት ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ ሕመም የማያውቀው ዓይን ሌሊት ያስጮኻል፣ ዕይታውም አይመለስም። ስለዚህ «ሞራ ነው ይብሰል» ብለሽ እንዳትሸኚው።

ጥያቄ፦ እናቴ ፍኖተ ሰላም ናት። ደም መልሷ እንደተዘጋ ከተነገራት በኋላ ሐኪሙ መርፌ አያስፈልግም፣ በወር ተመለሺ ብሎ ሸኛት። ችላ ብሏት ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። የተዘጋው ቅርንጫፍ ከማኩላው ርቆ፣ መካከሉ ካላበጠና ዕይታዋ ደህና ከሆነ መርፌ የሚያርፍበት እብጠት የለም፤ መጠበቅ ተገቢ ሕክምና ነው። ቀጠሮዋን ግን አታስቀሩባት። በየጠዋቱ አንድ ዓይኗን ጋርዳ በሩን፣ መስኮቱን ትይ፤ የመቃኑ ቀጥ ያለ መስመር ከተጣመመባት ወሩን ሳትጠብቁ ውሰዷት።