መርዙን የመዘንኩት እኔ ነኝ

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ?

በቅርቡ ከአንድ የደጋ ወረዳ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ደወለልኝ። ገበሬዎች «ቀበሮ በጋችንን ፈጀው» ብለው አቤት ብለዋል። ኃላፊው ደግሞ «የባለሙያ አስተያየት ጻፍበትና መርዝ እንጠይቅ» ብሎታል። «ጋሼ፣ ልፈርም?» አለኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አላነጋግር ስላለን «ዛሬን አትፈርም» ብቻ ብዬው ተለያየን። ይህ ደብዳቤ የዚያ መልስ ቀሪው ነው። ለእሱ ብዬ ጀመርኩት፤ ስጽፍ ግን ለጋምቦም፣ ደላንታም፣ መቄትም፣ ግዳንም ላላችሁት፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ነገ ጠረጴዛው ላይ ለሚያርፍበት ሁሉ እንደሚሆን ታየኝ።

እኔ ፈርሜ አውቃለሁ። ከዚያ ልጀምር።

ከደብረ ዘይት በእንስሳት ሕክምና ተመርቄ ወደ ወሎ የተመደብኩት የሰባ ሰባቱ ረሃብ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ነበር። ያን ጊዜ ያላየ ሰው አንዲት በግ ምን ማለት እንደነበረች በቀላሉ አይገባውም። በሬው አልቋል፤ ዘሩ ተበልቷል፤ ከመጠለያ የተመለሰ ቤተሰብ ከዘመድ አንዲት እናት በግ ካገኘ የዓመቱ ተስፋ እሷ ናት። አንድ ማለዳ አንድ ሽማግሌ የተበላ ጠቦት ቆዳ በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ቢሮዬ ገቡ። ቆዳውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና ዝም አሉ። ከዚያ ሌላ ጠቦት አልነበራቸውም። ሐሰት አልተናገሩም። ይህን አስቀድሜ የምለው ለዱር እንስሳ የሚቆረቆሩ ሰዎች የገበሬውን ኪሳራ እንደ ዋዛ ሲያልፉት ስለምሰማና ስለሚያመኝ ነው። ጠቦቱ ተበልቷል። መጠየቅ የነበረበት ማን በላው የሚለው ነበር፤ እኛ ግን ያን አልጠየቅንም።

ስብሰባ ተጠራ፣ ቀበሮ ይጥፋ ተባለ፣ ከበላይ ትእዛዝና ስትሪክኒን መጣ። መርዙን የመዘንኩት እኔ ነኝ። በበግ ሳንባና አንጀት ውስጥ እየሸጎጥኩ፣ ስንት ቁራጭ የት ሸንተረር ላይ እንደተጣለ በመዝገብ አስፍሬ ፈረምኩበት። መዝገቡ ምንም ስሕተት አልነበረበትም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ውርጩ የጓሳውን ሣር አንጥቶታል። መጀመሪያ ያገኘነው የአንዲት ባልቴት ውሻ ነበር። ቀጥሎ አራት ጥንብ አንሳዎች፣ ክንፋቸውን እንደዘረጉ። ከዚያ አንድ ጅብ። ቀይ ቀበሮዋን ያገኘናት ትንሽ ከፍ ብለን፣ ከአንድ የጅብራ ተክል ሥር ነው። ስትሪክኒን የገደለው እንስሳ የተኛ አይመስልም። ጀርባው እንደ ደጋን ይለጠጣል፣ እግሩ ይገተራል፣ መንጋጋው ይገጥማል፤ ነፍሱ እስክትወጣም ራሱን አይስትም። ጡቷን ስነካው ወተት ነበረው።

ሆዷን ከፈትኩት። ከሸጎጥኩት አንጀት ሌላ ያገኘሁት የአይጥ ጥርስ፣ የአይጥ ጠጉርና አንድ ያልተፈጨ የአይጥ እግር ነው። የበግ ጠጉር አንዲት ዘለላ አልነበረም። ቡችሎቿን ስንፈልግ ዋልን፤ ጉድጓዱን አላገኘነውም።

የጠቦቱ ነገር ደግሞ አልቆመም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ እረኛ ልጅ ሁለት የመንደር ውሾች ጣራ በሌለው በረት ውስጥ በጎች ሲያተራምሱ በዓይኑ አየ። ለሽማግሌው ሄጄ ነገርኳቸው፤ ስለ ሆዷም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የእኔን ጠቦት ማን ይተካልኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ፤ እናንተም እንድትይዙት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለዚህ ጥያቄ መልስ በሌለበት ቦታ ሁሉ መርዝ መልስ መስሎ ይመጣል።

አሁን ስለ እንስሳው ልንገራችሁ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እኛ «ቀበሮ» ብለን ሁለት እንስሳ እንጠራለን። አንደኛው ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ በየቆላውም በየደጋውም የሚዞር፣ ጥንብም ዶሮም ጠቦትም የሚቀምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘር ጥናት ይህኛው ከእስያው ዘመዱ የተለየ፣ ለተኩላ ወገን የቀረበ መሆኑን አሳይቷል። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። እግሩ ረዘም፣ አፈ ሙዙ ቀጠን ይላል፤ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ሳይንስ በስሜን ተራራ ስም ጠራው፤ ዛሬ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሌ ነው ያለው። በሁሉም ተራሮቻችን ተደምሮ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም። አንድ የደሴ ትምህርት ቤት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅል የሚሰለፈው ተማሪ ከዚህ ይበልጣል።

የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጓሳና ጅብራ ባለበት ነው። ሌሊቱን በቤተሰብ ተጠጋግቶ ያድራል፤ ሲነጋ ተሳስመው ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው አይጥ ያድናል። ከመንጋው የምትወልደው አንዲት እናት ናት፣ ብዙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት። ሌሎቹ ለቡችሎቹ ምግብ በሆዳቸው ይዘው መጥተው ይተፉላቸዋል። ስለዚህ በዚያ ወቅት አንዲት እናት ስትሞት የአንድ መንጋ ዓመት አብሮ ይሞታል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እረኞች እንግዲህ ይህን ሳያነቡ ያውቁታል፤ ጭላዳ ዝንጀሮው ሲግጥ ቀዩ መሃሉ ገብቶ ሲንጎራደድ፣ ጭላዳውም ሳይሸሸው። በጎረቤታችን በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት ከጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። አይጦቹ ጭላዳውን ስለለመዱ ከመሃሉ ያለውን አዳኝ ቶሎ አይለዩትም ይሆናል። ገብስ ከሚዘራ ሰው ማሳ አጠገብ ቀኑን ሙሉ አይጥ የሚለቅም እንስሳ ነው እንግዲህ ያኔ በእጄ የገደልኩት።

እኛ ዘንድ የቀረው በሰሜን አቡነ ዮሴፍና አቦሆይ ጋራ አካባቢ፣ በደቡብ ደግሞ እንደ ቦረና ሳይንት ባሉ ከፍታዎች ነው። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ጉጉፍቱ ነበር፤ አሁን የለም። በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳም እንዲሁ ጠፍቷል። እርሻ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ተራራው እንደ ደሴት ተነጥሎ ይቀራል፤ ደሴት ላይ የቀረ ጥቂት መንጋ አንድ ክፉ ዓመት ይበቃዋል። ጉጉፍቱን በብርዱ ብቻ የምታውቁ ልጆች፣ በአያቶቻችሁ ዘመን እዚያ ቀይ ቀበሮ ነበረ።

«መንግሥት ካዘዘ እኔ ምን አገባኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ሰው በራሱ በትር ቢገድል ይደክመዋል፤ መንግሥት ሲገባበት ግን በጀት አለው፣ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ አይደክመውም። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት ታይላሲን የሚባል፣ ተኩላ የሚመስል፣ ልጁን እንደ ካንጋሮ በከረጢቱ የሚያሳድግ እንስሳ ነበር። በግ ጨረሰ ተብሎ የደሴቲቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1909 በአንድ አንድ ፓውንድ እየከፈለ ከ2,100 በላይ አስገደለ። የመጨረሻው በሆባርት የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1936 ሞተ። እንዳይገደል የሚከለክለው ሕግ የወጣው ሊሞት ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። አሜሪካኖች በየሎውስቶን ፓርክ የመጨረሻዎቹን ተኩላዎች እ.ኤ.አ. በ1926 ገድለው ከጨረሱ በኋላ፣ በ1995ና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላ አምጥተው መልሰው ለቀቁ። እነሱ ካናዳ አላቸው። እኛ ቀይ ቀበሮ ቢጠፋብን ከየት ነው የምናመጣው?

ይህ ያለፈ ዘመን ወሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ለአዳኞች 119 ተኩላ ተፈቀደ፤ ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ 218 ተገደለ። አውሮፓ ውስጥ ከ20,000 በላይ ተኩላ አለ፤ እዚያም በ2024 መጨረሻ የተኩላ የጥበቃ ደረጃ ዝቅ እንዲል ተወሰነ። የእነሱን ክርክር እነሱ ይከራከሩ፤ ቢያንስ የሚከራከሩበት ብዙ ሺህ እንስሳ አላቸው። «ቁጥሩ በዝቷል»፣ «ለገበሬው ሲባል ነው» የሚለው ቃል ግን እናንተም ቢሮ መግባቱ አይቀርም። ሲመጣ ቁጥሩን ጠይቁ። የቆጠረው ማነው? መቼ? የትኛውን ቀበሮ?

የዱር እንስሳ አዋጃችን ከጎናችሁ ነው። ኃላፊያችሁ ፊት ሕግ ብቻ ይዛችሁ ብትገቡ ግን አይሰማችሁም፤ ሥራ ይዛችሁ ግቡ። ከሁሉ በፊት የተበላው በግ ሳይነሳ ድረሱ። ውሻ የገባበት በረት ብዙ በግ የተነከሰበት፣ ጥቂት የተበላበት ነው፤ ንክሻው እግር ላይ፣ ታፋ ላይ፣ ጆሮ ላይ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ጅብ አጥንት ይሰብራል። ግራጫው ቀበሮ አንድ ጠቦት ይነጥቃል። ቆዳውን ግፈፉና ከሥሩ ያለውን የደም መቋጠር እዩ፤ በሕይወት ሳለ የተነከሰና ከሞተ በኋላ የተበላ እዚያ ይለያል። የኮቴውን ምልክት በስልካችሁ አንሱ። ይህን ሁሉ ጽፋችሁ ስታያይዙ ያ ወረቀት ሌላ ወረቀት ይሆናል። ጎረቤትን በጎረቤት ውሻ ስለሚያጋጭ ሰዎች አይወዱላችሁም፤ ለዚህ ነው ቄሱንና ሼኩን፣ ሽማግሌዎቹንም ገና ከጠዋቱ ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ። ወሎ ውስጥ ከቢሮ ደብዳቤ የሽማግሌ ቃል እንደሚጸና እናንተም ታውቃላችሁ።

ስለ ውሻ ከተነሳ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ቀይ ቀበሮን ዛሬ በፍጥነት የሚጨርሰው የእኛው ውሻ የሚያጋባበት በሽታ ነው። ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 ተነሥቷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አራት እጁ ሦስቱ ያህል አለቀ። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታም በየመሃሉ ገብቷል። አንዳንድ ከተማ ይህን ፍራቻ ውሻ በመርዝ ይፈጃል። በመርዝ የተገደለ ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይመጣል፤ በሽታው የሚቆመው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው። ይህ የበጉን ባለቤት ልጅም ያድናል፤ የተነከሰ ሕፃን ሲሞት ያየ ሐኪም ሁሉ ይህን ሳትነግሩት ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ባሌ ላይ ለቀይ ቀበሮዎቹ ለራሳቸው በአፍ የሚሰጥ ክትባት ተጀመረ። ክትባቱን የሚያስቀምጡት በፍየል ሥጋ ውስጥ ሸጉጠው ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ወንበሬ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። እጁ ያው ነው፤ ሥጋው፣ መዝገቡ፣ ሸንተረሩም ያው ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሥጋ ውስጥ ሌላ ነገር እንድሸጉጥ የሚነግረኝ አንድ ታላቅ ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ሐኪም ላልሆናችሁትም ጥቂት ልበል። አቡነ ዮሴፍ እንግዳ የምትመሩ የላሊበላ ልጆች፣ ውሻ ሲከተላችሁ ከመንደሩ መልሱት፤ ጉድጓድ ካያችሁም ለፎቶ ብላችሁ አትቅረቡ። እረኞች፣ በጎቻችሁን ትታችሁ ኳስ የምትጫወቱባትን ሰዓት ሁሉም አዳኝ ያውቃታል፤ በየተራ ጠብቁ።

የደወልክልኝ ልጄ፣ አብሽር፤ ኃላፊህ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ የገበሬው እንባ እሱንም ጨንቆት ይሆናል። ነገ በማለዳ ወደ ሰዎቹ በረት ሂድ። ጣራ አለው ወይ? አጥሩ ስንት ክንድ ነው? በመንደሩ ስንት ውሻ አለ፣ ስንቱ ተከትቧል፣ ሌሊት የሚታሰረው ስንቱ ነው? የጠፋውን በግ ባለቤቱን በስሙ ጠይቀህ ጻፈው፤ ምትክ የሚያገኝበትን መንገድ ዕድሩንም፣ ቀበሌውንም፣ ወረዳውንም ጠይቅለት፤ ከበግ ርቢ ፕሮግራም አንዲት በግ ብትገኝ ለእሱ ትቅደም። ከዚያ ደውልልኝና አስተያየቱን አብረን እንጽፈዋለን። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደውል፤ ኔትወርኩ ያኔ ይሻላል።