«እምነቴን በመከራ አገኘሁት» ብል ምን ያስቃል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ታምሜ ከተነሣሁ በኋላ ወደ እምነቴ የተመለስኩበትን ታሪክ ለምስክርነት ጽፌ ለጓደኛዬ አሳየኋት። ሁለት ቦታ ላይ አስቆመችኝ። ‹እምነቴን በመከራ አገኘሁት› የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቀች። ‹መንፈሳዊ ዕውር ነበርኩ› ያልኩትን ደግሞ ‹ዕውር ስድብ ነው፤ ዓይነ ስውር በይ› ብላ ሰረዘችው። ‹መንፈሳዊ ዓይነ ስውር› ግን አፌ ላይ አልመጣልሽ አለኝ። ማናችን ነን ትክክል?» — ከአዳማ

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ጓደኛዎ የሳቀችበት ቦታ ላይ እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ አይቀየሙኝ። ጥፋቱ የእርስዎ ሳይሆን የ«በ» ነው።

«ታክሲ በመከራ አገኘሁ» እንላለን። «ልጁ በመከራ ነቃ»፣ «በስንት መከራ እሺ አለች» እንላለን። እዚህ ውስጥ መከራ የሚባል ነገር የለም። ያለው ልፋት ነው፤ ግፊያና ወረፋ ነው። ጆሯችን ይህን ስለለመደ «እምነቴን በመከራ አገኘሁት» ሲባል እምነቱ እንደ ዘይት ተሰልፈው ያገኙት ይመስላል። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የከረመ ሰው ቃል እንዲህ መቅለል የለበትም። «በመከራዬ ውስጥ» ወይም «በመከራዬ ጊዜ» ይበሉት። «ዬ» ስትገባ ግፊያው ይወጣል።

እግረ መንገዴን ስለዚህ ቃል ትንሽ ላውጋዎት። «መከራ» በግእዝ መፈተኛ፣ መመርመሪያ ማለት ነው። «ሞከረ» እና «ሙከራ» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። «ምክር»ም በእነዚያው ሦስት ፊደላት፣ በመ፣ በከ እና በረ ይቆማል። ባላገሩ ይህን ዝምድና መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ያውቀዋል፤ «ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። ተረቱ ለእርስዎ ታሪክ ግን እንዲመች አላደርገውም። በተረቱ ውስጥ መከራ የሚመጣው ምክር እምቢ ባለ ሰው ላይ ነው። የታመመ ሁሉ ደግሞ እምቢ ያለ አይደለም።

ከመከራ ጋር የሚሄደውን ግሥ መምረጥም ያስፈልጋል። በገድል ውስጥ ሰማዕታት መከራ «ይቀበላሉ»። መቀበል ፈቃድ አለበት፤ እጁን የዘረጋ ሰው ቃል ነው። እኛ ተራ ሰዎች ግን መከራ ይደርስብናል፣ ይወርድብናል። «መከራ ተቀበልኩ» ብለው ቢጽፉ ሰማዕትነትን የጠቀለሉ ያስመስልብዎታል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሌላውን ነው፤ አማርኛ መከራን «ያያል»። መከራዬን አየሁ፣ ፍዳዬን አየሁ፣ አበሳዬን አየሁ። በዓይናችን ያየነው ነገር ላይኖር ይችላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የሚያቃስት ሰውም «መከራዬን አየሁ» ይላል። እንግዲህ «ማየት አቅቶኝ ነበር» ብሎ የሚጀምር ምስክርነት፣ ሳያውቀው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲያይ የኖረ ሰው ታሪክ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። እዚህ ላይ ጓደኛዎ ግማሹን ይዛለች።

«ዕውር» በራሱ ስድብ ሆኖ አልተወለደም። የመጽሐፍ ቅዱሳችን ቃል ነው። በርጤሜዎስ ዕውር ነው፤ ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ጉድጓድ ይገባሉ። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን፤ መንገድ ላይ የተጋጨንን ሁሉ «ዕውር ነህ እንዴ?» እያልን። ዛሬ ስለ ሰው ሲጻፍ «ዓይነ ስውር» ነው የሚባለው፤ «ማየት የተሳናቸው»ም ይባላል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

«ዓይነ ስውር» አሠራሩ ራሱ ያምራል። እንደ «ልበ ብርሃን»፣ እንደ «ዓይነ አፋር» ያለ ነው። «ስውር» የተሸፈነ፣ የተደበቀ ማለት ነው። ስለዚህ ዓይኑ የለም አይልም፤ ተሸፍኗል ነው የሚለው። ታዲያ «መንፈሳዊ ዓይነ ስውር» አፍዎ ላይ ለምን እምቢ አለ? ቃሉ የአክብሮት ቃል ስለሆነ ነው። ለሰው ክብር የተሰፋን ልብስ ለእምነት ማጣት ሲያለብሱት አይበቃውም። ሰውንም ይነካል፤ ማየት የተሳነውን አድማጭ የአለማመን ምሳሌ አድርገው ያስቀምጡታል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ሕፃን ሳሉ ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጥፍቶታል። መቶ ሃምሳውን መዝሙር በቃላቸው ይዘውታል። በእግራችን ኮቴ ይለዩናል። አንድ ቀን መጽሐፉ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ተነሹን ቃል፣ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚነበበውን ማለቴ ነው፣ እንደ ወዳቂ ዝቅ አድርጌ አነበብኩ። በያዙት ዘንግ መሬቱን መታ አደረጉና «አታይም እንዴ?» አሉኝ። ዓይኑ የጠፋው እሳቸው፣ የማያየው እኔ። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ግን «ዕውር»ም «ዓይነ ስውር»ም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ» ነበር የሚሉት።

ልብ ይበሉ፤ «ጠፋ» ነው ያሉት። በአማርኛ ዓይን ልክ እንደ ኩራዝ ይጠፋል። ሲድንም ይበራል። መብራት ጠፋ፣ መብራት በራ፤ ዓይኑ ጠፋ፣ ዓይኑ በራ። ያው «ጠፋ» ደግሞ መንገድ የሳተው ሰው ግሥ ነው። በሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ አባትየው ስለ ታናሹ ልጁ «ጠፍቶ ነበር፣ ተገኘ» ሲል የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። ብርሃን ማጣትና ከቤት መጥፋት በአንድ ግሥ ሲነገሩ፣ የመንፈስን ነገር ለመናገር «መንፈሳዊ» የሚል ቅጽል መለጠፍ ምን ያደርጋል? ግሡ አስቀድሞ ይዞታል። እኔ ከ«ዕውር»ም ከ«ዓይነ ስውር»ም አውጥቼ ወደ ግሡ ነው የምወስድዎት።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ዓይኔ ጠፍቶ ነበር» ብቻ ካሉ ጉባኤው ቃል በቃል ይወስደዋል፤ ከምስክርነቱ በኋላም ስለ ዓይን ሐኪምዎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «የልቤ ዓይን» ይበሉ። በቤተ ክህነቱ ለዛ «ዓይነ ልቡናዬ» ቢሉም ያምራል።

«ዓይኔ ተከፈተ» ልበል ይሉ ይሆናል። እሱ ከተማ ገብቶ ጠባዩ ተበላሽቷል። «ዓይኑ የተከፈተ ልጅ» ዛሬ ብልጣ ብልጥ ነው። ድሮም ቢሆን መከፈትና ማየት ለየቅል ናቸው። በዘፍጥረት የአዳምና የሔዋን ዓይን ሲከፈት ያዩት ዕራቁታቸውን ነው። በሐዋርያት ሥራ 9ኛ ምዕራፍም ሳውል በደማስቆ መንገድ ወድቆ ሲነሣ ዓይኖቹ ተከፍተው ምንም አላየም። ሦስት ቀን ሳያይ፣ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ ቆየ። እንደ ቅርፊት ያለ ነገር ከዓይኑ የወደቀው ሐናንያ መጥቶ እጁን ሲጭንበት ነው። እዚያው ላይ ጌታ ለሐናንያ የነገረው ስለ ሳውል ሥራ ነው፤ ምን ያህል መከራ ሊቀበል እንዳለው «አሳየዋለሁ» ይላል። ዓይኑ የሚመለስለት ሰው የሚያየው መከራም አለ ማለት ነው።

ከ«ስውር» ጋር ፊት ለፊት የሚቆመውን ቃል ከፈለጉ ደግሞ «ከሣቴ» ነው። ከሠተ ማለት የተሸፈነውን ገለጠ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማን «ከሣቴ ብርሃን» የምንላቸው ለዚህ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስ የሚባል ልጅ ሆነው መጡ። በቀይ ባሕር ጠረፍ መርከባቸው ተዘርፎ አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ። እሳቸውና ኤዴስዮስ ልጆች ስለሆኑ ተርፈው አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። ኋላ እስክንድርያ ወርደው በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆነው ተመለሱ። በምርኮ የገቡበትን አገር ብርሃን ገለጡለት። ስማቸው ግን «ከሣቴ መከራ» አይደለም።

ይህ ለእርስዎ ጽሑፍ ይጠቅማል። «መከራ ዓይኔን አበራልኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለዎት አንድ ጊዜ ይዩት። እዚያ ላይ ባለቤቱ መከራ ነው። ያበራው እሱ ነው ማለትዎ ከሆነ ይተዉት። ያበራው እግዚአብሔር ነው፣ መከራው ቦታው ብቻ ነበር ካሉ ባለቤቱን ይለውጡ። «በራልኝ» ቢሉት ደግሞ አድራጊው ሳይጠራ «ል» ብቻ ይቀራል፤ አንድ ሰው እንዳደረገልዎት ይሰማል። ተቃራኒው «ጨለመብኝ» ነው። «ብ» ስትገባ ነገሩ በላይዎ ላይ ይወርዳል፤ «ል» ስትገባ ለእርስዎ ይሆናል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሁለት ዓመት አልጋ ላይ መከራዬን አየሁ። ቀኑም ሌሊቱም ጨለመብኝ። እዚያው አልጋ ላይ ሳለሁ የልቤ ዓይን በራልኝ።»

ለጓደኛዎ ያንብቡላት። አሁንም ከሳቀች የቱ ጋ እንደሆነ ይጻፉልኝ።