«ቲቸር፣ በ በር ነው»

እንደምን ሰነበቱ?

26 ዓመቴ ነው። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ሥራ ሳጣ «እስኪገኝ ድረስ» ብዬ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ የግል አፀደ ሕፃናት በረዳትነት ገባሁ። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ። አሁን የራሴ ክፍል አለኝ፤ 28 ልጆች።

የጫማ ክር አስራለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ምሳ ዕቃ እከፍታለሁ፣ የተጣሉትን አስታርቃለሁ። ማታ ሻርፔ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ወጥ አገኛለሁ። ግን ደስ ይለኛል።

ከመስከረም ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰ አንድ ልጅ ነበረኝ። ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ ነው የሚያወጣው። ኅዳር ላይ ሰሌዳው ላይ በ ጽፌ ዞር ስል፣ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። ጣቱን በፊደሉ ሁለት እግሮች መሐል አሳልፎ «ቲቸር፣ በ በር ነው» አለኝ። ጠመኔ በያዘው እጄ አፌን ያዝኩ። ክፍሉ በሙሉ «ነጭ ጢም አወጣሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤት ስገባ ወሬው ሌላ ነው። አጎቴ ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች በአንዱ ቦታ አለ ብሎ ሲቪዬን ይጠይቀኛል። ደመወዜን ሲሰማ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ጓደኞቼም «ሞግዚቷ» ይሉኛል። ቀልድ ነው፣ ግን ይቆጠቁጣል። አንዳንዴ ሌሊት አንድ ነገር ይመጣብኛል። ልጆቹን የወደድኳቸው ከትልልቅ ሰው ጋር መሥራት ፈርቼ ይሆን?

ቲቸር፣ ከአራት ኪሎ

ውድ ቲቸር፣

መጀመሪያ የፍርሃቱን ነገር እንጨርስ። 28 ሕፃን ያለበት ክፍል ገብቶ በሩን የሚዘጋ ሰው ፈሪ አይባልም። እኔ ሁለት የልጅ ልጆቼን ከሰዓት በኋላ ስጠብቅ እንኳ ሰዓቴን አሥር ጊዜ ነው የማየው።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ባንኩ ውስጥ ምን እንደምትሠሪ አልነገርሽኝም። ምን ያህል እንደሚከፍሉሽም አልጻፍሽም። የጠመኔውን ጢም ግን ነገርሽኝ።

ስለዚያ ልጅ አንድ ነገር ላጫውትሽ። በግእዝ የበ መጠሪያ «ቤት» ነው። አልፍ፣ ቤት፣ ገምል እያለ ይሄዳል። የጥንቶቹ ቤት ብለው ለሰየሙት ፊደል ያንቺ ተማሪ በሩን አገኘለት። ማንም ሳይነግረው! ሁለት ወር ሙሉ ዝም ሲል «ተናገር» ብለሽ ስላላስጨነቅሽው ይመስለኛል። «ሞግዚቷ» የሚሉሽ ጓደኞችሽ እስቲ አንድ ጠዋት ይምጡና 231ዱን ፊደል ለ28 ልጅ ያስቆጥሩ።

አጎትሽ ላይ ግን አልፈርድም። የቤት ኪራይ በደስታ አይከፈልም። ደግሞ ሥራዋን የምትወድ አስተማሪ ብዙ ጊዜ በትንሽ ደመወዝ ትያዛለች። የትምህርት ቤት ባለቤቶች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ ውል ከመታደሱ በፊት፣ ጭማሪው ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ሐምሌና ነሐሴ ይከፈል እንደሆነም ጠይቂ። ክረምቱን ያለ ደመወዝ የምታሳልፍ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ስንት አለች መሰለሽ! መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። የተማርሽው ሒሳብ ነውና ቁጥር ስታነሺ አትሽኮርመሚ። መምህራን ወደሚሠለጥኑበት ኮተቤም ጎራ በይና ለሕፃናት አስተማሪ ምን ሥልጠና እንዳላቸው አጣሪ። በሙያው ወረቀት ያላት አስተማሪ ስትደራደር አንገቷ ቀና ይላል።

ሲቪውን ለአጎትሽ ስጪው። ከጠሩሽ ሂጂ፣ ደመወዙን ስሚ፣ መቀመጫሽን እዪ። ካየሽ በኋላ ባንኩን ብትመርጪም አልቀየምሽም። ያኔ ግን የመረጥሽው አንቺ ትሆኛለሽ፤ አሁን የሚመርጥልሽ የአጎትሽ ሳቅ ነው።

ለእኔ ደግሞ አንድ ውለታ ዋዪልኝ። በ ከሀ ሲቆጠር አሥረኛ ነው፤ ያ ልጅ ገና 23 ፊደል ይቀረዋል። ጠ ጋ ሲደርስ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። እግሮቹን ቆጥሬ እኔ «ጠረጴዛ» ብያለሁ።