ወንድምህ ጅቡቲ ካለ በሩ አልተዘጋም

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለኝ። ፍሬውን ሳይሰብር የሚፈለፍል የለውዝ ማሽን ሠርቻለሁ። ከአራት ወር በፊት ባዛር ላይ አሳየሁት። የእህቴ ልጅም ቀርፆ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሁለት ማሽን ለባቢሌ ነጋዴዎች ሸጫለሁ። አሁን ወንፊቱን እያሻሻልኩ ነው፤ አዲሱን ገና ማንም አላየውም። ኬንያ፣ ሱዳን፣ ሴኔጋልና ሕንድ ገበያ አለው ይሉኛል። በአንድ ማመልከቻ የዓለም ፓተንት ይወጣል ሲባልም ሰማሁ። እውነት ነው? ወንድሜ ጅቡቲ ጋራዥ አለው፤ ይጠቅመኝ ይሆን?»

መልስ፦ በድሬ ልማድ «አንተ» ልበልህ፣ ቅር አይበልህ።

የዓለም ፓተንት የሚባል ነገር የለም። እሸጥልሃለሁ የሚልህ ሰው ካለ ገንዘብህን ይዘህ ዞር በል። ፓተንት ማለት ፈጠራህን ሌላ ሰው ያለፈቃድህ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ የሚከለክል መብት ነው፤ የሚሰጠውም እያንዳንዱ አገር፣ አለዚያም የተወሰኑ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ጽሕፈት ቤት ነው። አንተ የሰማኸው የፓተንት ትብብር ስምምነትን ይመስለኛል፤ ባለሙያዎች ፒሲቲ ይሉታል። በ1970 ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ፣ ከ1978 ጀምሮ ይሠራል (ሁለቱም በፈረንጅ ነው)። የሚያስተዳድረው ጄኔቭ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነው። ከ150 በላይ አገሮች ገብተውበታል። ጥቅሙ አንድ ማመልከቻ ስታስገባ በእነዚያ ሁሉ አገሮች ወረፋህ መያዙ ነው። ከዚያ በኋላ በየትኞቹ እንደምትገፋ ለመወሰን 30 ወር ታገኛለህ።

ችግሩ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል አለመሆኗ ነው። የድርጅቱ አባል ናት፤ የፒሲቲ አባል ግን አይደለችም። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው አይቻለሁ። በዚህ መንገድ ማመልከት የሚችለው ደግሞ የአባል አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ ብቻ ነው። ድሬ የምትኖር ኢትዮጵያዊ ብቻህን ብታመለክት አይቀበሉህም። የአባላቱ ዝርዝር ስለሚለወጥ በምታስገባበት ቀን አንዴ እየው።

አሁን ወደ ወንድምህ። አብሽር፣ እሱ ይጠቅምሃል። ጅቡቲ በ2016 አባል ሆናለች። አመልካቾቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ አንዱ ብቻ መስፈርቱን ካሟላ ይበቃል። የጅቡቲ ዜግነት አያስፈልገውም፤ ነዋሪነት ይበቃዋል። እዚያ በትክክል የሚሠራ የንግድ ድርጅት ያለው ሰውም እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። የወንድምህ ጋራዥ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እስካልሆነ ድረስ በሩን ይከፍትልሃል።

«ታዲያ ግማሹን መብት ለወንድሜ ልስጥ?» እንደምትል አውቃለሁ። አትስጥ። ደንቡ ለተለያዩ አገሮች የተለያዩ አመልካቾችን መጻፍ ይፈቅዳል። ወንድምህን ለጅቡቲ ብቻ አመልካች አድርገው፤ ለቀሩት አገሮች ሁሉ አንተ ትጻፋለህ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ደንቡ ያስቀመጠው መንገድ ነው። ግን በእውነት የጅቡቲን መብት ትሰጠዋለህ ማለት ነው። ስለዚህ በውል አስቀምጡት። ወንድም ነው ብለህ እንዳትተወው። ዛሬ አብራችሁ ጫት የምትቅሙ ብትሆኑም ነገ ወራሾች ይመጣሉ። በፈጣሪነት ግን ስሙን በፍጹም አታስገባ፤ ማሽኑን የፈጠርከው አንተ ነህ። ያልፈጠረን ሰው ፈጣሪ ብሎ መጻፍ በኋላ ፓተንቱን ሊያስጥል ይችላል።

ማመልከቻው ጅቡቲ ባለው ጽሕፈት ቤት ወይም በቀጥታ ጄኔቭ ይገባል፤ ጄኔቭ በኢንተርኔት ይቀበላል። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ቢሆን ይቀልሃል። ሦስቱም ማመልከቻዎች ከሚታተሙባቸው አሥር ቋንቋዎች ውስጥ ናቸው።

አሁን ያሳሰበኝን ልንገርህ፦ ባዛሩ፣ ቲክቶኩና የባቢሌው ሽያጭ። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። አዲስነቱን ደግሞ አንተው ራስህ ልትገድለው ትችላለህ። አውሮፓ በዚህ ነገር ምሕረት የላትም ማለት ይቻላል፤ ከማመልከቻው በፊት ባለቤቱ ራሱ ለሕዝብ ካሳየው ያበቃል። አሜሪካና ጃፓን ፈጣሪው ራሱ ለገለጠው የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣሉ። ለእነሱ ስምንት ወር ቀርቶሃል። የአንተ አራት አገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ይህን አንድ በአንድ የሚያይልህ በየአገሩ የሚወከል ጠበቃ ነው።

ቪዲዮውን ተረጋግተህ ደግመህ እየው። ላሜራውና ሞተሩ ከውጭ ብቻ ከታየ፣ ለውዙም ከላይ ገብቶ ከታች ሲወጣ ብቻ ከሆነ፣ ምስጢሩ ገና አልወጣም ብሎ መከራከር ይቻላል። ከበሮው ተከፍቶ ጎማው እንዴት እንደሚጨብጥ ካሳየ ግን ወጥቷል። ከቪዲዮው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የባቢሌው ሽያጭ ነው። ገዢ ማሽኑን ፈትቶ ማየት ይችላል፤ በምስጢር እንዲይዝም አላስፈረምከውም። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በብዙ አገር ሕግ ለሕዝብ እንደተገለጠ ይቆጠራል።

ለዚህ ነው ስለ አዲሱ ወንፊት ያልከው ደስ ያሰኘኝ። ማንም ያላየው እሱ ነው። ማመልከቻህ በእሱ ላይ ይቁም፤ የድሮው ማሽን እንደ መነሻ ይገለጽ። ወንፊቱን ለማንም አታሳይ፣ ፎቶም አትላክ። ብየዳ የሚረዱህን ልጆችም ቢሆን የምስጢር ውል አስፈርማቸው። ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ «ድሮዊንግ ላክልኝና ዋጋ ልስጥህ» የሚል ነጋዴ ቢመጣ ማመልከቻው ሳይገባ መልስ አትስጠው።

የጊዜ ሰሌዳው እንዲህ ነው። ካስገባህ በኋላ መርማሪ ጽሕፈት ቤት ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ነገር መኖር አለመኖሩን ፈልጎ ሪፖርትና አስተያየት ይልክልሃል። ሪፖርቱ መጥፎ ከሆነ ብዙ ገንዘብ ሳታወጣ ታቆማለህ። በ18ኛው ወር ማመልከቻው ይታተማል፤ ንድፍህን ዓለም ሁሉ ያየዋል። በዚያው ሰሞን ኦፊሴላዊ የሚመስል «የምዝገባ ክፍያ» ደረሰኝ ከማታውቀው ድርጅት ይመጣልሃል። ውሸት ነው፣ አትክፈል። በ30 ወር ውስጥ ደግሞ በመረጥካቸው አገሮች ትገባለህ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። በእኛ ካላንደር ቆጥሮ ማሳለፍ የሚያስቅ ይመስላል፤ ለባለጉዳዩ ግን አያስቅም።

ገንዘቡ? ለጄኔቭ የሚከፈለው ዓለም አቀፍ የማመልከቻ ክፍያ እስከ 30 ገጽ ላለው 1,330 የስዊስ ፍራንክ ነው። አትደንግጥ። በተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር በልማት ዝቅተኛ ከተባሉ አገሮች ለሚያመለክቱ 90 በመቶ ይቀነሳል። ኢትዮጵያም ጅቡቲም ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ቅናሹን ለማግኘት ግን ሁሉም አመልካች ማሟላት አለበት፤ እውነተኛ ባለቤቶቹም እናንተ መሆን አለባችሁ። ለሀብታም ነጋዴ ስም ማበደር እዚህ ላይ ይጋለጣል። የምርመራው ክፍያ ለብቻው ነው። ትልቁ ወጪ ግን በ30ኛው ወር ይጠብቅሃል፦ በየአገሩ ጠበቃ፣ ትርጉም፣ ከዚያም ዓመታዊ ክፍያ። ስለዚህ «ሁሉም አገር» አትበል።

ሴኔጋልን ከመረጥክ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ሴኔጋልና ሌሎች 16 አገሮች የጋራ ጽሕፈት ቤት ስላላቸው አንድ ፓተንት 17ቱንም ይሸፍናል። ኬንያና ሱዳን ደግሞ ሐራሬ ባለው የአፍሪካ ክልላዊ ድርጅት በኩል ይገኛሉ። ሐረር አይደለም፣ ዚምባብዌ ያለችው ሐራሬ ናት፤ አንድ ደንበኛዬ «እዚሁ ጎረቤት ነው እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል። ሕንድን ለብቻዋ ትገባለህ።

የራስህን አገር እንዳትረሳ። ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች የፒሲቲ ማመልከቻህ እዚህ ምንም አይሠራም። ዓለምን አጥረህ ደጅህን ክፍት ትተሃል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለብቻው አመልክት። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት 15 ዓመት ይቆያል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ወንፊቱ ለፓተንት የሚበቃ ትልቅ እርምጃ አይደለም ቢባል እንኳ የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት አለ፤ 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። እውነቱን ለመናገር፣ ለባቢሌ ገበያ ብቻ ቢሆን ይሄኛው ይበቃህ ነበር።

እስከዚያ ወንድምህ የመኖሪያ ፈቃዱንና የጋራዡን ንግድ ፈቃድ ኮፒ ይላክልህ። የእህትህ ልጅ ደግሞ ደንግጦ ቪዲዮውን እንዳያጠፋው። ማጥፋቱ የታየውን አይመልሰውም፤ የተለቀቀበት ቀን ግን አሜሪካ ብትገባ ዓመቱ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረጃህ ነው።