ጠይቁን፦ የምንጣፍ ጠርዝ እንዴት ይዘምዘም?

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ ከሳሎን ሞኬት የተረፈ 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር የሚሆን ቁራጭ ነበረኝ፣ ለመኝታ ቤት ይሆናል ብዬ በመቀስ አስተካክዬ ዳር ዳሩን ማስቲሽ ቀባሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ክሩ መመዘዝ ጀመረ፣ ልጄ ደሞ አንዷን ክር ስባ ረድፉ በሙሉ ተከትሎ ወጣላት። እንደ ፋብሪካ የሆነ ጠርዝ ቤት ውስጥ መስራት ይቻላል ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ እንዳትጥይው፣ ይቻላል። ግን መጀመሪያ ለምን እንደተመዘዘ እንይ። አብዛኛው ሞኬት ክሩ አልተቋጠረም፣ በመርፌ ጨርቁን በስቶ ይገባና ከጀርባ በላቴክስ፣ ጎማ በሚመስል ሙጫ፣ ይጣበቃል፣ የያዘው እሱ ብቻ ነው። ስትቆርጪው ዳር ላይ ያለው ክር መያዣ ያጣል። ያንቺ ደሞ ጸጉሩ ቀለበት ቀለበት የሚመስለው ዓይነት ነው መሰለኝ፣ እሱ ልክ እንደ ሹራብ ነው፣ አንዱ ከተሳበ ረድፉን ይዞት ይሄዳል። ማስቲሹ ከላይ ሲቀባ ጸጉሩን አድርቆ ያቆመዋል እንጂ ስሩን አይዘውም።

ስለዚ እንደ አዲስ ጀምሪ። የተበላሸውን ዳር 2 ሴንቲ ያህል ወደ ውስጥ ገብተሽ ቁረጪ፣ በመቀስ ሳይሆን በካተር፣ አዲስ ምላጭ አስገብተሽ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈሽ። ቀለበቱ ዓይነት ከፊት ነው የሚቆረጠው፣ በሁለት ረድፍ መሀል ምላጩን ታስኬጂዋለሽ። ጸጉሩ ተቆርጦ ለስላሳ የሆነው ግን ተገልብጦ ከጀርባ ነው፣ አለበለዚያ ጸጉሩን እየላጨሽ ነው የምትሄጂው። እንደቆረጥሽ ሳትውይ ሳታድሪ ጸጉሩና ጀርባው የሚገናኙበትን መስመር ብቻ የምንጣፍ ላቴክስ በስሱ ቀቢው፣ ጸጉሩን ሳይነካ፣ ከዛ እስኪደርቅ ተይው።

ቀጥሎ ጠርዙን መሸፈን ነው። ባለሙያዎች ወይ በጨርቅ ጥብጣብ ይከፍፉታል ወይ ደሞ በወፍራም ክር ጥቅጥቅ አርገው እየጠቀለሉ ይዘመዝሙታል። መዘምዘሙ በጣም ያምራል፣ ግን ያለ ማሽን እኩል ማውጣት እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰራ ሰው ጥብጣቡን ነው የምመክረው። የጥጥ ጥብጣብ ከሆነ ሳትሰፊው በፊት እጠቢውና ይድረቅ፣ አለበለዚያ በኋላ ምንጣፉ ሲታጠብ ጥብጣቡ ይሸበሸብና ጠርዙን ይዞት ይሰበሰባል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። የቤት ስፌት ማሽን ወፍራም ሞኬት አያልፍም፣ አታስጨንቂው፣ ቆልማማ መርፌና ጠንካራ የናይለን ክር ያዢ፣ ክሩን በሰም አሽተሽ ሳቢው፣ ያኔ አይቋጠርም ምንጣፉ ውስጥም ሲገባ ያለ ትግል ይንሸራተታል። ጥብጣቡን መጀመሪያ ከፊት በኩል ስፊው፣ ከዛ ጠርዙን አልብሰሽ ወደ ጀርባ አጥፊውና እዛ ጨርሺው፣ ስፌት ከስፌት ግማሽ ሴንቲ ያህል ይራራቅ። ከማዕዘን አትጀምሪ፣ ከጎኑ መሀል ጀምረሽ ዞረሽ ስትመጪ 3 ሴንቲ ያህል ደርበሽ ዝጊው። ማዕዘኑን ደሞ ትንሽ ክብ አርገሽ ብትቆርጪው ጥብጣቡ ሳይጨማደድ ይዞራል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ጠርዙን በላይተር ለብለብ ማድረግ የሚባል ምክር ብትሰሚ እንዳትሞክሪው። ብዙ ሞኬት ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደሞ እንደ ጥርስ ሾጣጣ ሆኖ ይደርቃል። እኔ አንዴ አድርጌው የልጅ እግር ቧጥጦብኛል፣ ሙሉውን ዳር ቆርጬ ነው የጣልኩት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ የተወችልኝ በእጅ የተቋጠረ የሱፍ ምንጣፍ አለኝ። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ እያለቀ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ዘርፉን ቆርጬ በኦቨርሎክ ልምታልህ አለኝ፣ ልስጠው?

መልስ፦ ወንድሜ እባክህ እንዳትሰጠው! ይሄን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥኩ እውነት። በእጅ በተቋጠረ ምንጣፍ ላይ ዘርፉ ጌጥ አይደለም፣ የድሩ ጫፍ ነው። ያ ድር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ምንጣፉን ሙሉ ያልፋል፣ ቋጠሮዎቹ በሙሉ እሱ ላይ ነው የታሰሩት። ዘርፉን ስሩ ድረስ ከቆረጥከው መጀመሪያ ማጉ፣ ድሩን በአግድም የሚያቋርጠው ክር፣ ይላላል፣ ከዛ ቋጠሮው ረድፍ በረድፍ ይረግፋል። ኦቨርሎኩ ደሞ ጥብቅ ስለሆነ ጫፉን ይጠቀልለዋል፣ መርፌውም ድሩን ሊበጥሰው ይችላል።

ገልብጠህ እየው። ዘርፉ ከምንጣፉ ውስጥ የወጣ ከሆነ እንዳልኩህ ነው፣ ለብቻው ተሰፍቶ የተለጠፈ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ነው ማለት ነው፣ አውልቆ በሌላ መቀየር ችግር የለውም። ያንተ የእጅ ከሆነ ዘርፉ ቢያጥርም ግድ የለም፣ አሳሳቢው ቋጠሮው መጥፋት ጀምሯል ወይ የሚለው ነው። ካልጀመረ በጠንካራ የጥጥ ክር ሁለት ሁለት ሶስት ሶስት ድር እያቀፍክ፣ መርፌውን ከጫፉ ሁለት ሶስት ማግ ወደ ውስጥ እያስገባህ በእጅ ስፋው፣ ሳታጠብቅ፣ ማጉ እንዳይወጣ ብቻ። ረድፍ መጉደል ከጀመረ ግን ለምንጣፍ ጠጋኝ ስጠው፣ እሱ አዲስ ቋጠሮ ይሰራል። የግራና የቀኙ ጎን ሌላ ነው፣ እዛ ያለው ጥቅል ሱፍ ሲሳሳ በቀለሙ ሱፍ እየጠቀለልክ መመለስ ትችላለህ፣ ትዕግስት ነው የሚፈልገው። እስከዛው ቫኪዩሙን ከዘርፉ አርቀው፣ የሚሽከረከረው ብሩሽ ይበላዋል፣ ለማንጣት ብለህም በረኪና እንዳታስነካው፣ ጥጡን ያደክመዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጥብጣብ ሰፍቼ ጨረስኩ፣ ግን ምንጣፉ ጠርዙ እንደ ሳህን ወደ ላይ ተነሳብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እማማ፣ ጥብጣቡን እየሳቡ ሰፍተውት ነው። ሲለቀቅ ይሰበሰብና ምንጣፉን ያነሳዋል። የተነሳውን ጎን ብቻ ይተርትሩት፣ ጥብጣቡን ሳይስቡ ምንጣፉ ላይ ዝም ብለው አስተኝተው በየ20 ሴንቲው በመርፌ ቁልፍ ያስይዙትና እንደገና ይስፉት። በጣም ካላሉት ደሞ በተቃራኒው ጠርዙ እንደ ማዕበል ይሆናል፣ ልክ ምንጣፉን የሚያክል ርዝመት ነው የሚያስፈልገው።