“ከፊል” የሚሉት አሠሪ ከሰማይ አልወረደም

እህቴ፣ አረብ አገር በገባሽ ሰሞን ፎቁና መንገዱ ልብሽን ይሰልበዋል። እኔንም ሰልቦኝ ነበር። “እነሱ ድሮም ሀብታም፣ እኛ ድሮም ድሃ” ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስሠራ ኖርኩ። ያንን ያስተዉኝ ባህሬን የሠራሁበት ቤት የማዳም እናት ናቸው።

አንድ ቀን ሙሐረቅ ያለው አሮጌ ቤታቸው ውስጥ ከመሳቢያ ትንሽ የቀንድ መቆንጠጫ አወጡና አፍንጫቸው ላይ ሰክተው አሳዩኝ። አባታቸው ዕንቁ ለማውጣት ባሕር ሲጠልቁ የሚያደርጉት ነው። ወቅቱ ሳይገባ ከጀልባው አለቃ ለቤት ቀለብ ይበደራሉ፣ ሲመለሱ ድርሻቸው ብድሩን አይሸፍንም፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመትም ለዚያው ሰውዬ ይጠልቃሉ። ጠላቂው ሲሞት ዕዳው ለልጁ ያልፍ ነበር።

ያኔ ባህሬን በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ናት። ዕንቁው ቦምቤይና ፓሪስ ይሸጣል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ሹሞች ከውጭ ለሚመጣ ጠላቂ ያመጣው የጀልባ አለቃ ኃላፊ ይሁን አሉ። ዛሬ “ከፊል” የምንለው፣ አገሩ ለመኖርሽ ኃላፊ የሚሆነው አሠሪ፣ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። ከዚያ የጃፓን እርባታ ዕንቁ ገበያውን ገደለው፣ በ1932 ነዳጅ ወጣ፣ በ1971 እንግሊዝ ለቀቀች። ጠላቂው ቀረ፣ አሠራሩ ለእኛ ተረፈ።

ይህን የምነግርሽ “ባህላቸው ነው” እያልሽ ፓስፖርትሽን ሲወስዱብሽ ዝም እንዳትዪ ነው። ሰው ያወጣው ደንብ ነው፣ ሰው ይለውጠዋል። ካታር በ2020 ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየር ፈቀደች፣ በ2021 ደግሞ ለቤት ሠራተኛም ጭምር ዝቅተኛውን ደመወዝ 1,000 ሪያል አደረገች። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ ኩሽና ድረስ እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ኖሬበታለሁ። ቢሆንም ያላወቅሽውን መብት ማንም አይሰጥሽም።

ከሁሉ በላይ ግን ብድሩን ፍሪ። እኔ ወንድሜ ባጃጅ ልግዛ ሲለኝ የስድስት ወር ደመወዝ አስቀድሜ ወሰድኩ። ውሌ አለቀ፣ ዕዳው አላለቀም። ቤቱን ጠልቼው፣ ወገቤን እያመመኝ፣ እንደ አሮጊቷ አባት ለዚያው ሰው ሌላ ወቅት ጠለቅኩ። አገር ቤት ሲደውሉ “የለኝም” ማለት ልመጂ፣ ቢቀየሙም ይቀየሙ። ደመወዝሽ በየወሩ በእጅሽ ይግባ፣ የተቀበልሽበትን ቀን በደብተር ጻፊ። የውልሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኛት እህትሽ ላኪ፣ ስልክሽን የነጠቁሽ ቀን ከየትም አታመጪውም።